ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ምላጭ

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ፤ አብዮቱ ፈንድቶ ሆቴሉ ከተወረሰ ገና ብዙም አልቆየም። ትሪ ይዤ ወደ በረንዳው ስወጣ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና ዓይንሽ እርድ መስሏል አለችኝ። እኔ መቼም ምላሴ አያርፍም፤ ቅናት ነው ብዬ ሳቅኩባት። ትሪውን ግን ወዲያው ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ ክንዴ ውስጥ ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በፊት ለቀናት ሲያተኩሰኝ ሰንብቷል። በዚያ አገር ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር የሚያስብ የለም። ቡልቡላ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ድሬሰሩ ግንባሬን ዳሰሰና የወባ ኪኒን ሰጠኝ። አልሻል ሲለኝ ተመለስኩ፤ መርፌ ወጋኝ። ኪኒኑ ጆሮዬን አስጮኸው እንጂ ሌላ የፈየደው የለም። ምግብ ጠላሁ። የወጥ ሽታ ከሩቅ ሲመጣ ያጥወለውለኝ ጀመር። ሽንቴ ቅጠል የበዛበት ሻይ መሰለ፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ እፍረቱን ተዉትና ለሐኪም ተናገሩ። እፍረት ማንንም አላዳነም።

ሥራዬን ትቼ ወደ ናዝሬት ተሳፈርኩ። ሞጆ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሾፌሮቹ የሚበሉት ጥብስ ሸተተኝና ጎማ ሥር ተንበርክኬ አስመለስኩ። አንድ የማላውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ራሴን ደግፎ ይዞ በጣሳ ውኃ አጠጣኝ፤ ጨርቁን አርጥቦ ፊቴን ጠረገልኝ። አባቴም የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። ሾፌር ሲያዝንልኝ ሆዴ ይባባል። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቤታችን ባቡር ጣቢያው አካባቢ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ የነበሩት እማዬና ወንድሜ ደረጀ ብቻ ናቸው። ደረጀ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ በብዙ ስለምበልጠው ግማሽ እናቱ ነበርኩ። እታለም ነበር የሚለኝ። እማዬ በሩ ላይ እንዳየችኝ እጇን አፏ ላይ ጫነችና የወፍ በሽታ ነው አለች። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም በእኛ ዘንድ እንደዚያ ይሉታል፤ የሌሊት ወፍ በላይህ ስታልፍ ይይዝሃል ነው የሚባለው።

እኔ ሐኪም ቤት ካልሄድኩ አልኩና በማግሥቱ ሄድን። ጠዋት ገብተን የቀትር ፀሐይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እስኪደርስብን ጠበቅን። ወጣቱ ሐኪም ሆዴን ከጎድኔ ሥር ተጭኖ ሲያየኝ ጮኽኩ። ጉበትሽ ተቆጥቷል አለኝ። ከደም ጋር የሚሄድ በዓይን የማይታይ ተሐዋስ እንደሚያመጣው፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሰውነት ራሱ እንደሚያሸንፈው ነገረኝ። ተኚ፣ ጣፋጭ ነገር ውሰጂ፣ ቅባትና መጠጥ ተዪ፣ አለቀ። ከበሩ ስናልፍ እማዬ፣ ይሄ ምን ሐኪም ነው፣ መርፌ የለው ኪኒን የለው፣ ተኚ ማለትማ ለእኔስ መቼ አቃተኝ ብላ አጉረመረመች።

ተኛሁ። ደረጀ ከሰፈር ልጆች ጋር ጣቢያው ድረስ እየሄደ የወንጂ ሸንኮራ ያመጣልኝ ነበር። በጥርሱ እየላጠ ነጩን ለእኔ ይሰጠኛል፣ አንጓውን ለራሱ ያስቀራል። አፌ የሚቀበለው እሱን ብቻ ነበር። ቀኑ በዚህ ያልፋል፤ ሌሊቱ ነው የከበደኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበር አንድ ነገር ብሆን እንኳ በር ከፍቶ የሚወጣ የለም። ሰውነቴ ያሳክከኛል፣ ራቅ ብሎ ተኩስ ይሰማል፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሞቴን ሳይሆን ሳይነጋ መሞቴን ነበር የምፈራው። ሬሳ ይዘው እስኪነጋ ይቀመጣሉ ብዬ ለእነሱ አዝን ነበር።

ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ እማዬ አላስቻላትም። ከሞጆ ወዲያ ከሚገኝ መንደር የወፍ በሽታ የሚያክም አዋቂ አስመጣች። ሽማግሌ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ክፋት የሌለበት ሰው። ዓይኔን አየ፣ ጥፍሬን አየ፣ ከዚያም፣ ከዚህ ቤት ከአንድ ትሪ የሚበላው ማን ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የእሱ ሕክምና እንደዚህ ነው፦ ክንድን በምላጭ ይበጣል፣ ያደቀቀውን ቅጠል ቁስሉ ላይ ያሻል። የሚበጣው ግን የታመመው ብቻ አይደለም። ወፏ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዳትሻገር ቤተሰቡ በሙሉ፣ በዚያው በአንድ ምላጭ፣ ከበሽተኛው ቀጥሎ ይበጣል። ምላጩ በመሃል አይጠረግም። መድኃኒቱ መጀመሪያ የታመመውን ካላወቀ ጤነኛውን አይጠብቅም ብሎ አስረዳን። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ደህና አባባል መስሎኝ ነበር።

እኔ ተበጣሁ። ቀጥሎ ተረኛው ደረጀ ነበር፤ ደረጀ ግን አልጋ ሥር ገብቷል። እማዬ ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ ሽማግሌው ከረሜላ እገዛልሃለሁ አለው። ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚመጣው። ከተኛሁበት ተነስቼ፣ ግድግዳ ይዤ፣ አልጋው ሥር አጎንብሼ እጄን ዘረጋሁለት። እየኝ፣ እኔ አላለቀስኩም፣ ና ወንድሜ አልኩት። እጄን ይዞ ወጣ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩለት። ምላጩ ሲነካው ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር፤ አላለቀሰም። ከእሱ ቀጥሎ እማዬ ተበጣች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኔ ጠራ። ምግብ አማረኝ፤ እማዬን አንቺ ይሄን ወጥ ምን አደረግሽው ብዬ መነዝነዝ ስጀምር ዳነች አለች። ሐኪሙ እንዳለው ሰውነቴ በራሱ ጊዜ ነበር ያሸነፈው። በሰፈራችን ግን ምስጋናው የሄደው ለሽማግሌው ነው። ደረጀማ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ራሱን ሳያመው አደገ። እማዬ ይኼን እንደ ምስክር ታቀርበው ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ሰው በሰማች ቁጥር ትሄዳለች፣ የሽማግሌውን መንደር ታሳያለች፣ ቤተሰቡን በሙሉ አስበጡ፣ አደራ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር ትላለች። በጎ ሥራ ነበር የምትሠራው፤ ለማንም ሳትሰስት ነበር የምትሠራው።

ዓመታት አለፉ። ላንጋኖ አልተመለስኩም፤ በቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ሻጭ ሆንኩ። ደረጀ ሞጆ ላይ ጎሚስታ ሆነ፤ ለጭነት መኪኖች ጎማ ይጠግናል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሾፌር ሁሉ በስሙ የሚጠራው ልጅ ወጣው። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ የብሔራዊ ውትድርና ተራ ደረሰው። እማዬ ስንቅ አሰናዳች፣ እያለቀሰች ሸኘችው። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ለምልመላ የመጣው ሐኪም ሆዱን ሲዳስሰው ከጎድኑ ሥር የጠጠረ ነገር አግኝቶ፣ አንተ ለውትድርና አትሆንም፣ አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ብሎ አስወጣው። እማዬ እልል አለች። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሄደው የእኛ ቀረልን። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሽታ ነው የሚለው ቃል ጆሮዬ የደረሰው ደስታው ካለፈ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ የሄድነው ሦስታችንም ነን። የሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ጋቢውን አንጥፎ ያድራል። ከባሌ የመጡ አንዲት አሮጊት የሰሌናቸውን ግማሽ ለእማዬ ለቀቁላት፤ ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ነው የተለያየነው። ደም ተወሰደ፣ ሆዱ በመሣሪያ ታየ። ከዚያ ሐኪሙ፣ ፀጉሩ ገባ ያለ ደግ ሰው፣ እኔን ብቻ ወደ ውስጥ ጠራኝ። በእኛ አገር መቼም ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰብ ውስጥ ጠንካራ የሚባል ሰው ይፈለግና እሱ ላይ ይጣላል። ጠንካራ መስዬ የታየሁት እኔ ነበርኩ።

ጉበቱ ላይ ካንሰር አለ አለኝ። መነሻው ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ተሐዋስ እንደሆነ፣ ልጅ ሆኖ ሳይገባበት እንዳልቀረ ነገረኝ። ታምሜ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ታምሞ አያውቅም ብዬ ተከራከርኩት። ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ አዋቂ ሰው ሲይዘው ይታመማል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ አብዛኛው ታግሎ ያስወጣዋል። ትንሽ ልጅ ግን ምንም ሳያመው ተሐዋሱ ጉበቱ ውስጥ ቤት ሠርቶ ለዓመታት ይቀመጣል። በአፌ የመጣው የሸንኮራው ነገር ነበር። አንድ ሸንኮራ ስንመጥጥ ነበር፣ እሱ ነው ወይ አልኩት። ሸንኮራው አይደለም አለኝ። ከዚያ የቀሚሴን እጅጌ አየና ብድግ አድርጊው አለኝ። ጠባሳዎቹን በጣቱ ነካቸው።

"ይኼ ወንድምሽም ክንድ ላይ አለ። በአንድ ምላጭ ነው የተበጣችሁት?"

"አዎ ዶክተር።"

"ማን ቀደመ?"

"እኔ።"

እጅጌዬን ራሱ መልሶ አወረደው። ያኔ ገባኝ። የእኔንም የእማዬንም ደም አስመረመረ፤ ሁለታችንም ንጹህ ነን። የታመምኩት እኔ አሸንፌዋለሁ፣ እኔን ሊጠይቅ ሸንኮራ የላጠልኝ ልጅ ተሸክሞታል። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ክንዴን ነከስኩት። ለምን ክንዴን እንደነከስኩ አላውቅም። ደህና መሆኔን ሲነግሩኝ እንደ ስድብ ነው የሰማሁት።

ሐኪሞቹ ዕጢው በአንድ ወገን ስለሆነ ያንን የጉበቱን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ለእማዬ እጢ ወጣለት አልናት፤ ለእሱም እንደዚያው። ምላጩን ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ልጅሽን የጠበቅሽበት መንገድ ነው የጎዳው ይባላል? ደረጀ ከወራት በኋላ ወዛ፣ ሥራ ጀመረ፣ ጎማ ሲገለብጥ ጎኑን ያዝ ያደርግ ነበር እንጂ ደህና ነው። ሞጆ መንገድ ዳር የራሱን ጎሚስታ ሊከፍት አንዲት ቆርቆሮ ቤት አገኘ። ታፔላው ላይ ምን ይጻፍ እያለ በየምሽቱ ያደክመን ጀመር።

ለክትትል ስንሄድ ደረጀን ውጭ አስቀምጠው እንደገና እኔን ጠሩኝ። ተመልሷል አለኝ ሐኪሙ፤ አሁን በአንድ ቦታ አይደለም። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። በውጭ አገር የሞተ ሰው ጉበት አውጥተው ለበሽተኛ መትከል ጀምረዋል፣ እዚህ ግን የለም አለኝ። የሰማኋትን አንዷን ነገር ይዤ፣ የእኔን ጉበት ውሰዱና ለእሱ ስጡት፣ የእኔ ድኗል አልኩት። ሳቅ አላለም፣ አልገሰጸኝም። እዚያም ቢሄድ ካንሰሩ ሊመለስ ይችላል፣ ተሐዋሱ ደግሞ ደሙ ውስጥ ስለሚቀር አዲሱንም ጉበት መልሶ ይይዘዋል አለኝ። ከእኔ የሄደበት ነገር ነው። ሌላ ጉበት ቢሰጠው እንኳ ተከትሎት ይሄዳል።

ስወጣ ደረጀ አግዳሚው ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ ጎማ እያወራ ይስቅ ነበር። ምን አሉ አለኝ። ደህና ነው ብለዋል አልኩት። ወደ ናዝሬት እስክንደርስ ስለ ታፔላው ቀለም አወራኝ፤ ቀይ ከሩቅ ይታያል አልኩት። ይህንን ውሸት ደግነት ነበር የምንለው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር ራሴን የማጽናናው።

ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ደግ ሴት ናት፤ ልጆቿ ብዙ ናቸው፣ ከእማዬ ጋር እንደ እህት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ሱቁ መጣችና በራሷ አነጋገር አካም አደርሽ ብላ ሰላም ካለችኝ በኋላ አንድ ምላጭ ስጪኝ አለች። ትልቋ ልጇ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ እማዬ ሽማግሌውን አስመጥታላት ቤት ቁጭ ብሏል። እናትሽ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለልጆቹ ሁሉ አንድ ይበቃል ወይ ብዬ እንደ ሻጭ ጠየቅኋት። ሰውዬው አንድ ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ከካርቶኑ አወጣሁና ሰጠኋት።

አዎ፣ ሰጠኋት። እጄ የለመደውን ሠራ፣ አፌ ተዘጋ። ብናገር እማዬ ትሰማለች፤ እማዬ ከሰማች ደረጀ ይሰማል፤ ዝም ብል ደግሞ የእትዬ ጫልቱ ልጆች ከትልቁ እስከ ትንሹ የደረጀን ዕጣ ይወስዳሉ። እሷ መንገዱን ስትሻገር፣ ስኳር ሊገዙ የተሰለፉትን ሰዎች ትቼ መዝጊያውን ጎትቼ ቆለፍኩ። ኧረ ምን ሆንሽ ሲሉኝ እየሰማሁ ሮጥኩ።

እማዬ ጓዳ ውስጥ ለሽማግሌው የሚቀርብ ነገር ታሰናዳ ነበር። ደረጀ የት አለ ስላት እነጫልቱ ጋ ነው፣ ልጆቹ እንዳይፈሩ ያጫውታቸው ብዬ ላክሁት፣ ደግሞም እሱን ሲያዩ ይተማመናሉ አለችኝ።

"እማዬ፣ ሰውዬውን መልሺው" አልኳት። "ደረጀን ያሳመመው ያ ምላጭ ነው። በሽታው የሄደበት ከእኔ ደም ነው። አሁን ደግሞ ተመልሶበታል፤ አይድንም።"

እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የራሷን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን አየች። ከዚያ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወጣች። እኔ ሰውዬውን ትመልሳለች ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ምን ብላ እንደምትመልስ አላሰብኩም።

እትዬ ጫልቱ ቤት ስንገባ ሽማግሌው ቅጠሉን በሳህን ዘርግቷል፣ የታመመችው ልጅ ክንዷን አውጥታለች፣ ምላጩ ገና ከወረቀቱ አልወጣም። ደረጀ ትንሹን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። እማዬ ምላጩን ከሽማግሌው እጅ ወሰደች።

"ጫልቱዬ፣ ልጆችሽን ከዚህ አስወጪልኝ" አለች። "የእኔን ልጅ የገደለው ይኼ ነው።"

ሁሉም ደረጀን አዩት። እሱ ደግሞ ሳቀ። እማዬ፣ ማንን ነው የገደለው፣ ይኸው አለሁ አይደለም ወይ አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ልጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ በዝግታ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ብድግ ብሎ በእኔና በእማዬ መሃል አልፎ ወጣ።

ሽማግሌው እኔ ሰው ገድዬ አላውቅም፣ እንኳን ልጅ እያለ ቅጠሉን ሰበሰበ። እማዬ አልተቆጣችውም። እርስዎም አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም፣ ከእንግዲህ ግን ይተዉት አባቴ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ትልክላቸው ወደነበሩት ቤቶች ሁሉ በየተራ ሄደች። አንዳንዱ በር ዘጋባት፣ አንዳንዱ ሰደባት፣ አንዳንዱ አብሯት አለቀሰ። እኔ አብሬያት ልሂድ ስል እምቢ አለች።

የእትዬ ጫልቱ ልጅ ሐኪም አይቷት፣ ተኝታ፣ ሸንኮራ መጥጣ ዳነች። ታናናሾቿን የነካቸው የለም። ዛሬ ለዚህ በሽታ ክትባት አለ፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ። ምላጭ፣ መርፌ፣ የጥርስ ቡርሽ አትዋዋሱ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሰው ከታመመ፣ ጤነኛ የመሰለውንም አስመርምሩ፤ በተለይ ልጆቹን። ይኼን ለማለት ነው ብዕር ያነሳሁት። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደረጀ ሞጆ ሄዶ የቆርቆሮዋን ቤት ቁልፍ ለባለቤቱ መልሶ መጣ። ሆዱ ውኃ እየያዘ፣ ክንዱ እየሰለለ ሄደ። ከእኛ ጋር ያወራል፣ ሾፌሮቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ይቀልዳል። እኔ አጥበዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፤ ሥራዬን ትቼ ከአጠገቡ አልጠፋም። ይቅር በለኝ ለማለት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ምላጩን ሳነሳ፣ እሱን ተዪው፣ ልጅ ነበርኩ፣ አንቺም በሽተኛ ነበርሽ ይለኛል። በምላጩ አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሱን ሳስተካክልለት ግን እጄን ያዘኝ።

"እታለም፣ ለእትዬ ጫልቱ ልጆች ሱቅ ዘግተሽ ሮጥሽ አሉ።"

"አዎ" አልኩት።

"ለእኔ ግን እውነቱን ልትነግሪኝ በእግርሽ እንኳ አልመጣሽም።"

በቁጣ አልነበረም ያለው። ውኃ ጠየቀኝ፤ አመጣሁለት፣ ቀና አድርጌ አጠጣሁት። ክረምቱ ሳይገባ ሞተ።